ቅሬታ የሌለበት ሩብ ዓመት

ማርዬ የሚለውን ስም እናቷ አላወጡላትም። የመሥሪያ ቤት ሰው ነው የለጠፈባት፣ በስልክ ስታወራ ድምጿ ይጣፍጣል ተብሎ። በመንግሥት መድኃኒት አቅራቢ ድርጅት አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ የቅሬታ ክፍሉን የያዘችው እሷ ናት። የጤና ጣቢያ ሰው መድኃኒት ጎደለ፣ ተሰበረ፣ ዘገየ ብሎ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ይደውላል። ማርዬ «ወይኔ ወንድሜ፣ እንዴት ያለ ነገር ደረሰባችሁ!» ትለዋለች። ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፣ ስለ ሥራው ጫና ታዝንለታለች። በመጨረሻ ይቅርታ ጠያቂው ራሱ ደዋዩ ሆኖ ያርፋል። ከዚያ ጉዳዩ «ተዘግቷል» ይባላል። ሥራ አስኪያጁም የተዘጉትን ሰብስቦ ለበላይ መሥሪያ ቤት ይልካል፣ ቅርንጫፉ የሚመዘነው በዚህ ነውና።

ድምጿ ማር ይሁን እንጂ ልቧ ሌላ ነው። ማርዬ ሰው አታምንም። ለእሷ ደዋይ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው፦ የሚዋሽና ውሸቱ ገና ያልተደረሰበት። ጎደለ የሚለው ሰርቆ ነው፣ ተሰበረ የሚለው ራሱ ጥሎት ነው፣ ዘገየ የሚለው በጊዜ ሳያዝዝ ቀርቶ ነው። አንዳንዴ እውነቷን ነበር፣ ክፋቱም እሱ ነው። አንድ ሁለቴ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘ ሰው ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ሰላም ቢለው እንኳ ምን ፈልጎ ነው ይላል።

ባለፈው ሩብ ዓመት ትልቁ ራስ ምታት ኢንሱሊን ነበር፣ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት። «ብልቃጡ ውስጥ ጓጉሎ መጣ» የሚል ስልክ ከየጤና ጣቢያው ይጎርፋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ከማቀዝቀዣ በቀጥታ የወጣ በረዶ ከብልቃጡ ጎን ሲታሸግ መድኃኒቱን ከማቀዝቀዝ አልፎ ያረጋዋል፣ የረጋ ኢንሱሊን ደግሞ ይጣላል እንጂ አይወጋም። ማርዬ በረዶው እንዲቀነስ አስደረገች፣ ቅሬታውም ቧንቧ እንደ ተዘጋበት ውሃ ቀጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ አስነስቶ አስጨበጨበላት። ቅርንጫፉ ለሽልማት ታጨ፣ ማርዬም ያን ሰሞን ክንፍ አውጥታ ነበር።

በክንፏ መሀል እናቷ ደወሉ።

እናቷ የሚኖሩት ከቅርንጫፉ ቁልቁል ተወርዶ ተወርዶ፣ ሙቀቱ ከሚበረታበት ትንሽ ከተማ፣ ከታናሽ እህቷ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ነው። ስኳር አለባቸው። በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ መድኃኒቱን የሚወስዱትም የማርዬ መሥሪያ ቤት ከሚያቀርብለት ጤና ጣቢያ ነው።

«መድኃኒቱ ውሃ ሆነብኝ ልጄ» አሏት። «እወጋለሁ፣ እወጋለሁ፣ ስኳሩ ወይ ንቅንቅ!»

«ምን በላሽ?»

«ምን እበላለሁ? ያው ሐኪሙ ያዘዘኝን ነዋ።»

«እማዬ፣ ለእኔ ነው ይሄ?»

«ለማን ሊሆን ነው ታዲያ? ስልኩን ያነሳሽው አንቺ!»

ማርዬ አልሳቀችም። በእናቷ ግራ እግር አውራ ጣት ላይ ጫማ የላጣት ትንሽ ቁስል ነበረች። ሐኪሙ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነው የነገራቸው፤ ስኳሩ ካልወረደ ቁስሏ አትድንም፣ ቁስሏ ካልዳነች ጣቱ ይቆረጣል። ማርዬ ያንን ከሰማች ወዲህ ሥራ ላይ ሆና እንኳ በጫማዋ ውስጥ የራሷን አውራ ጣት ታንቀሳቅስ ነበር፣ መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስል። ፈርታለች። የፈራች ማርዬ ደግሞ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጥፋተኛ መፈለግ።

የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ራሳቸው እናቷ ሆኑ። ለእህቷ ደውላ «ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅዪ» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ «እማዬን ልሰልል?» ብላ ተቆጣች፣ በኋላ ግን የጣቱ ነገር እሷንም ስላስጨነቃት ተስማማች። በሦስተኛው ቀን ከሶፋው ሥር የከረሜላ ወረቀት ተገኘ።

«ደንበኞች ይሆናሉ» አለች እህቷ። «ልብስ ሲለኩ ከረሜላ የሚመጥጡ አሉ።»

«እና በሶፋ ሥር ነው የሚለኩት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርዬ በየማታው ትደውል ጀመር። የምትናገረው በዚያው በሥራ ድምጿ ነው፣ በጣፋጩ። «አልቆጣሽም እማዬ። ማንንም ጣፋጭ ያምረዋል፣ የሰው ልጅ ነን። እውነቱን ብቻ ንገሪኝና እናብቃ።» እናቷ አልበላሁም ይላሉ። በማግስቱ ትደውላለች። አልበላሁም። ትደውላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ምሽት፣ ከጀርባ የስፌት መኪናው እየተንጣጣ፣ እናቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «እሺ፣ በላሁ» አሉ።

«ምን?»

«ስኳር ነዋ።»

«ስንት ማንኪያ?»

«አንቺ ስንት ይሁን ትያለሽ?»

ይህን መልስ የሰማ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ማርዬ ግን ድሉ አደንቁሯት ነበር። እፎይ አለች። ቅሬታ ስትዘጋ የሚሰማት ያ ትከሻ የሚያቀል ስሜት ወረዳት፣ እናቷንም በዚያው ቅጽበት ወደደቻቸው፣ «ተባረኪ እማዬ፣ ስለ ነገርሽኝ» አለቻቸው።

ስኳሩ ከቤት ወጣ። እህቷ ለደንበኞች ሻይ ማቅረቧን ተወች። ወሬው ጎረቤት ደረሰ፣ ከዚያም ጤና ጣቢያው ደጅ። እዚያ ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች «ምነው እናቴ፣ ለራስዎ አያዝኑም?» እያሉ ከንፈር ይመጡላቸዋል። እናቷ መልስ መስጠት ተዉ። ሰው ቤት ሲጠሩም አመመኝ ብለው ይቀራሉ፣ ዓይን ሁሉ እጃቸው ላይ ሲያርፍ ታውቋቸው። አውራ ጣታቸው ግን ይጠቁር ጀመር። ስኳሩም ከዚያው ከላይ አልወረደም።

ማርዬ ጥርጣሬዋን ጨርቅ እንደሚያራግፍ ሰው አራገፈችና ሌላ ቦታ አነጠፈችው። ወደ እህቷ ቤት ወርዳ ማቀዝቀዣዋን መረመረች። የሙቀት መለኪያ ገዝታ ውስጡ አስቀመጠች፣ በሩን እየከፈተች እየዘጋች ስታስጨንቀው ዋለች። ማቀዝቀዣው ነጻ ወጣ። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ እንደሚፈልግ እንግዲህ አሳምራ ታውቃለች ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የእህቷን ቤት ማቀዝቀዣ ስትበረብር የራሷ መሥሪያ ቤት መኪና ትዝ አላላትም።

ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። መድኃኒት የሚሰጠው ፋርማሲስት ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ከላይ ትንሽ የሚወዛወዝ ጎልማሳ ነው። የከተማው ሰው ሸንበቆ ይለዋል፣ እሱም ተቀብሎታል። ማርዬን በድምጿ አወቃትና ደስ ብሎት ወንበር ጠረገላት።

«በስልክ ብቻ እኮ ነው የምንተዋወቀው! ምን እግር ጣለሽ?»

«እናቴ ናት ያመጣችኝ፣ ወንድሜ» አለች፣ እየሳቀች። «ስኳሯ አልወርድ አላት። እስኪ ንገረኝ፣ ደህናውን ኢንሱሊን ለማን ነው የምትሰጠው?»

ሸንበቆ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ከሰመ።

«ሸጠህ ነው ማለትሽ ነው?»

«እንዲያ አልወጣኝም።»

«ምን ቀረሽ ታዲያ?» ተነስቶ ቆመ፣ ቁመቱም መስኮቱን ጋረደው። «ስሚኝ እህቴ። ደውዬልሽ ነበር እኮ፣ ረሳሽው? የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እናትሽ፣ ሌሎችም፣ ስኳራቸው አልወርድ አለ፣ መድኃኒቱን ጠርጥሬዋለሁ አልኩሽ። ጓጉሏል ወይ? አልሽኝ። አልጓጎለም። ቀኑ አልፏል? አላለፈም። ማሸጊያው ተነክቷል? አልተነካም። እንግዲያው የአመጋገብ ነገር ነው፣ አስተምራቸው ወንድሜ አልሽኝ። ስለ ልጄም ጠየቅሽኝ። እኔም ጅሉ አመስግኜሽ ዘጋሁ።»

ማርዬ ስልኩ ትዝ አላት። መጨረሻ ላይ ሁለቱም እንደ ሳቁ ሁሉ ትዝ አላት። ግን አንድ ነገር ውስጧ የገባ እንደ ሆነ ዝም ብሎ አይወጣም። ቀድሞ የሚጮህ ሌባ አይታለች፤ እኔ ነግሬያችሁ ነበር ለማለት ቅሬታ የሚያስቀድም። ተነስታ በትሕትና ተሰናበተችው። ሸንበቆ በሩን ከኋላዋ በኃይል ዘጋው።

ሌሊቱን ሙሉ አውጥታ አውርዳ አንድ ሦስተኛ ሰው አገኘች። ከመጋዘን እስከ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በማን እጅ ነው? በሾፌሩ። ሾፌሩ ደግሞ ጋሼ ፍሬን ናቸው፣ በቁልቁለት ቀርቶ በሜዳም እግራቸው ከፍሬን ላይ አይነሳም ተብሎ የወጣላቸው ስም። ለሌላ መኪና ግማሽ ቀን የማይፈጅ መንገድ እሳቸውን ከሰዓት በኋላ ድረስ ይወስድባቸዋል። ይህን ያህል ጊዜ የት ይቆማሉ? ምን ያወርዳሉ? ማርዬ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ የታያት መሰላት። ለሥራ አስኪያጁ «የደንበኞችን እርካታ በአካል ልመልከት» አለችው። ሽልማቱ ሊሰጥ ደርሶ ነበርና ሐሳቡን ወደደው።

ጠዋት መኪናው ላይ ወጥታ ከሾፌሩ ጎን ተሰየመች። የኢንሱሊኑ ሳጥኖች፣ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሰማያዊዎቹ፣ ከኋላ ተጭነዋል። መክደኛቸው ሲታሸግ በዓይኗ አይታለች፣ ማሸጊያው ላይም በድብቅ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጋለች።

«ምን አግኝተሽብኝ ነው ማርዬ?» አሏት ጋሼ ፍሬን ገና ከበሩ ሳይወጡ።

«ምንም ጋሼ። እንዲያው ናፍቀውኝ።»

«ናፍቆት እንዲህ ያለ ዓይን የለውም።»

መንገዱን ሁሉ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አልነቀለችም። አንድ ቦታ ጎማ ለማየት ቆሙ፣ አብራቸው ወረደች። አንድ ቦታ ውሃ ሊጠጡ ገቡ፣ እሷ መኪናው ዘንድ ቆማ ጠበቀች። ሌላ ቦታ ደግሞ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሲሄዱ አንገቷን አስግጋ ተከተለቻቸውና ምን እንደሆነ ሲገባት አፍራ ፊቷን አዞረች። ጋሼ ፍሬን ሲመለሱ «ይሄም ሪፖርት አለው?» አሏት። ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ወደቀባቸው። ማርዬ በመስኮቱ ፊቷን አውጥታ አየር ትፈልግ ጀመር። ሽማግሌው ግን አንዲትም የማይገባ ቦታ አልቆሙም። የሚዘገዩት መንገዱ ስለሚያነጥርና ብልቃጥ እንዳይሰበር ስለሚሳሱ ብቻ ነበር። «የተሰበረ ካለ አንቺ ትደውያለሽ» አሏት፣ «ድምጽሽ ደግሞ ያስፈራኛል።» ማርዬ ይህን ሰምታ እንኳ አላመነችም። ምናልባት እኔ ስላለሁ ነው ስትል አሰበች።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ሸንበቆ ሰላምታ ነፈጋት። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ማሸጊያው ያው ነው፣ ምልክቷም አለ። ሸንበቆ ከፈተው። ማርዬ ከማንም ቀድማ እጇን ሰደደች፣ ብልቃጦቹን ልትቆጥር፣ አንዲት ጎድላ ብትገኝ ልትይዛቸው።

እጇ ውስጡ ቀረ። ሳጥኑ እንደ ሰው ብብት ይሞቃል።

«በረዶው የታል?» አለች።

«የቱ በረዶ?» አሉ ጋሼ ፍሬን።

«የሳጥኑ ነዋ ጋሼ! የት አደረሱት?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር፣ ፊቷን ሲያዩ ግን ቀልዱ ጠፋቸው። «ማርዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስወጣሽው? ለቀዝቃዛ ክፍሉ ሠራተኛ ስትደውዪ እኮ አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን በረዶ ጭኜ አላውቅም።»

መጣላት። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተግተልትሎ መጣላት። በረዶው ሲቀነስ ቅሬታው ቀንሶ ነበር፣ ግን ከአንድ ጤና ጣቢያ ጓጎለ የሚል ስልክ እንደገና መጣ። ጠዋት ነበር፣ መኪናው ሊነሳ። ለቀዝቃዛ ክፍሉ ሠራተኛ ደወለች። እሱም በረዶው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እስኪያልበው፣ ውስጡ ውሃ መንቦጫቦጭ እስኪጀምር ሊጠበቅ ይገባል፣ እንዲያ ከሆነ አያረጋም አላት። ያ ደግሞ መኪናውን ያዘገያል፤ የመኪና መነሻ ሰዓት ደግሞ ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ በእሱ አይደራደርም። ማርዬ በዚያ ጣፋጭ ድምጿ «እንግዲያውስ ጨርሶ ይውጣ ወንድሜ፣ ሳጥኑ ወፍራም ነው» አለችው። ስልኩን ዘጋች፣ ቅሬታውን ዘጋች፣ ረሳችውም። የአንድ ጠዋት ነገር ነበር፣ ሻይዋ እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር።

«የረጋው ይታያል» አለ ሸንበቆ ዝግ ብሎ። አንድ ብልቃጥ አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠ ነበር። «ሙቀት የገደለው ግን ቁርጥ ደህናውን ነው የሚመስለው። ይኸው፣ ምን ታዪበታለሽ?»

«አንተ አላወቅክም? ሳጥኑ ሲሞቅ አልነካኸውም?»

«ነክቼዋለሁ። በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ አውጥተውት ይሆናል አልኩ። ጠርጥሬም ነበር።» ብልቃጡን አስቀመጠ። «ግን ብደውል ምን ልትዪኝ ነው? ጓጉሏል ወይ ልትዪኝ ነው። ደግሞ ቅሬታ ያበዛ ጤና ጣቢያ ጭነቱ መጨረሻ እንደሚደርሰው ሁላችንም እናውቃለን። አንቺም ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ማርዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያን ሁሉ ምሽት በስልክ ያደረገችው ነገር ትዝ አላት። እናቷ እውነቱን ነግረዋት ነበር፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር።

ወዲያው ለሥራ አስኪያጁ ደወለች። ኢንሱሊኑ ከየጤና ጣቢያው ሁሉ ዛሬውኑ ይሰብሰብ አለችው።

«ማን ቅሬታ አቀረበ?» አላት።

«እኔ።»

«አንቺ ቅሬታ ተቀባይ ነሽ እንጂ አቅራቢ አይደለሽም። ምን ነካሽ? አንድ ተቋም እንኳ አልጠየቀም። ቅሬታ የሌለበት ሩብ ዓመት ብለን ጽፈን ልከናል እኮ! ተመለሺና ተቀምጠን እናወራለን።» ድምጹ ረጋ ያለ፣ አባታዊ ነበር። እሷ ራሷ ለሰው የምታወራው እንዲሁ ነው፣ ማርዬም ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። አስጠላት።

ወደ ሸንበቆ ዞረች። «ጻፍ» አለችው። «ጭነቱን አልቀበልም በል። ቅሬታ ጻፍና ማኅተም አድርግበት።»

ሸንበቆ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ወጥመድ ነው አይደል?»

«ምን?»

«ባለፈው ሌባ አልሽኝ። ዛሬ ደግሞ ጻፍ ትዪኛለሽ። እጽፋለሁ፣ ነገ በሐሰት ቅሬታ የመንግሥት መድኃኒት መለሰ ተብዬ ከሥራ እባረራለሁ። አላምንሽም እህቴ።»

ማርዬ አፏን ከፈተች። ወይኔ ወንድሜ ልትል ነበር፣ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል፣ ዋጠችው። በዚያ ድምጽ ማንንም እውነት ልታሳምን እንደማትችል ገባት። ሻካራ በሆነ፣ እሷም በማታውቀው ድምጽ እንዲህ አለች፦

«እኔ የምልህን ቃል በቃል ጻፍ። የቅርንጫፉ ቅሬታ ክፍል ኃላፊ፣ ሙሉ ስሜን አስገባ፣ በረዶው ከኢንሱሊን ሳጥን ጨርሶ እንዲወጣ በስልክ አዛለች። ባለሙያው የነገራትን አልሰማችም። ታካሚዎች በሞቀ መድኃኒት ተጎድተዋል። ይህንንም ጤና ጣቢያው ሲያመለክት አመጋገብ ነው ብላ ዘግታዋለች። ጻፍክ?»

ሸንበቆ ብዕሩን ይዞ አያት። ጋሼ ፍሬን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔም ስትደውል ሰምቻለሁ በልበት፣ ምስክር ነኝ» አሉ። ሸንበቆ ያኔ ተቀመጠና ጻፈ።

ወረቀቱ ማኅተም ስላለበት ሥራ አስኪያጁ ሊውጠው አልቻለም። መድኃኒቱ ከየቦታው ተሰበሰበ። ሽልማቱ ለሌላ ቅርንጫፍ ሄደ። ማርዬ ጉዳይዋ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች፣ አጣሪ ሆኖ የተቀመጠውም ያው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሲያጨበጭቡላት የነበሩት ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ዓይናቸውን ጣሪያ ጣሪያ አደረጉት። አዲሱ ኢንሱሊን በረዶው አልቦት፣ መኪናው ዘግይቶ፣ ቀዝቅዞ ደረሰ። የዘበኛው ስኳር ወረደ፣ የዳቦ ጋጋሪዋም ወረደ፣ የእናቷም ወረደ። ለጣቱ ግን ረፍዶ ነበር።

እናቷ በትልቁ ሆስፒታል ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተው ነበር። የሚቆረጠው በዚያው ጠዋት ነው። የስኳራቸው ወሬ ከከተማቸው ቀድሟቸው ደርሶ ኖሮ፣ የጎን አልጋ ታማሚዋ ከቤት የመጣላትን ብስኩት ወደ ወዲያኛው ጎን አሽሽታ ነው የምትበላው። ማርዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የእናቷን እጅ ያዘች። እናገራለሁ ብላ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋት።

«እማዬ፣ መድኃኒቱ ነው የተበላሸው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። በረዶውን፣ ስልኩን፣ ሽልማቱን፣ ሸንበቆን። እናቷ ጣሪያውን እያዩ ሰሟት። ማርዬ ስድብ ጠበቀች። እጃቸውን ከእጇ እንዲመነጭቁ፣ ውጪልኝ እንዲሏት ጠበቀች፣ ቢሏት ደስ ባላት።

«ቆይ» አሉ እናቷ በመጨረሻ። «እንግዲያው ስኳር አልበላሁም?»

«አልበላሽም እማዬ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

እናቷ ለመቀመጥ ሞከሩ፣ ማርዬም ደገፈቻቸው። «እኔ እኮ በላሁ ያልኩሽ እንድትተዪኝ ነበር። ኋላ ግን ስኳሩም አልወርድ ሲል፣ ሰውም ሁሉ በልታለች ሲል፣ እንጃ፣ ምናልባት በእንቅልፍ ልቤ እየተነሳሁ እበላ ይሆናል አልኩ። ጠዋት ጠዋት ስነሳ ጣቶቼን እልስ ነበር፣ ይጣፍጡ እንደሆነ።»

ማርዬ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ግን እሷን አላዩም። ወደ ሌሎቹ አልጋዎች ዞረው ድምጻቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሰማችሁ? አልበላሁም! ልጄ ናት የነገረችኝ፣ የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው!»

ጎናቸው ያለችው ሴት ብስኩቷን እንደያዘች ቀረች። ወዲያው አልጋ የሚገፉት ሁለት ሠራተኞች መጡ። እናቷ ለእነሱም ነገሯቸው። ማርዬ አልጋውን ተከትላ እስከ ቀዶ ሕክምናው በር ሄደች፣ እናቷም በኮሪደሩ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ እየነገሩ ነበር።